ከጡዋል ቶኪዮ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሄድ እህት

ጡዋል ላይ «መንገድ» ሲባል ሰው ቶሎ የሚታሰበው ድንበሩ ነው። ከከተማዋ ወደ የመን፣ ወደ ሐረድ የሚያሻግረው በር በ2015 የየመን ጦርነት ከተቀጣጠለ ወዲህ እንደ ድሮው ሰው አያመላልስም። ከእኛ ሰዎች ብዙዎቹም ወደ ጂዛን የገቡት በበሩ ሳይሆን በጎኑ፣ በተራራው፣ በሌሊት፣ በእግራቸው ነው። ስለዚህ ከዚያው ከጡዋል አንዲት እህት በድምፅ መልእክት «ማዳም ቶኪዮ ልንሄድ ነው አለችኝ፤ ምን ልያዝ? እንዴት ያለ አገር ነው?» ስትለኝ መልእክቱን ደግሜ ሰማሁት። ከጀርባ ልጅ ያለቅሳል፣ ማጠቢያው ይሽከረከራል። እሷ በኮንትራት፣ በአውሮፕላን የመጣች ናት፤ ኢቃማዋም የታደሰ ነው። ኢቃማ የሌላት እህት ይህን ጥያቄ የመጠየቅ ዕድል እንኳ የላትም፤ ይህንንም እያወቅሁ ነው የምጽፈው።

የሳውዲ ቤተሰቦች ለዕረፍት ሲወጡ ልጆቹን የምትይዘውን ሠራተኛ ይዘው መሄዳቸው አዲስ ነገር አይደለም። ቱርክን፣ ማሌዥያን፣ ለንደንን ያየች እህት ከመካከላችን አትጠፋም። አሁን ደግሞ ጃፓን ተጨመረች። እህታችን የጠየቀችው ስለ ሻንጣ ነበር፤ እኔ ግን ከሻንጣው በፊት ከእሷ ቀድመው የሄዱ ሰዎቻችንን ላስታውሳት ፈለግሁ።

ጃፓንን በዓይናቸው አይተው በአማርኛ መጽሐፍ ከጻፉልን ቀደምት ሰዎች አንዱ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ 1931፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ የመልእክተኞች ቡድን መርተው ከጅቡቲ በመርከብ ተነሡ። ሕንድ ውቅያኖስን አቋርጦ ጃፓን መድረስ ያኔ ሳምንታት ይፈጃል። ጅቡቲ ለእኛ ትውልድ ሌላ ትዝታ ያላት አገር ናት፤ ከኦቦክ ጠረፍ በጨለማ ጀልባ የተሳፈረ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ከዚያው አገር ጠረፍ ብላቴን ጌታ ኅሩይ የንጉሥ ደብዳቤ ይዘው፣ የመርከብ ክፍል ተይዞላቸው ሄዱ። ከተከታዮቻቸው መካከል ልጅ አርአያ አበበና ዳባ ብሩ ይገኙበታል።

የደረሱባት ቶኪዮ ገና ከቁስሏ ያገገመች ከተማ ነበረች። ከ8 ዓመት በፊት፣ በ1923፣ የመሬት መንቀጥቀጥና እሱን ተከትሎ የተነሣው እሳት በከተማዋና በአካባቢዋ ከ100,000 በላይ ሰው ፈጅቶ ነበር። እነሱ ሲደርሱ ግን መንገዱ ተሠርቷል፣ ባቡሩ ይሄዳል፣ ፋብሪካው ያጨሳል። ንጉሠ ነገሥቱ ተቀበሏቸው፤ ትምህርት ቤትና ፋብሪካ አስጎበኟቸው። የጨርቁ ፋብሪካ ለኢትዮጵያውያን የሩቅ ነገር አልነበረም። በእነዚያ ዓመታት አዲስ አበባ ገበያ ላይ የሚሸጠው አቡጀዲ በብዛት ከጃፓን የሚመጣ ነበር። አያቶቻችን የለበሱት ጨርቅ ከየት እንደሚወጣ ሄደው አዩት ማለት ነው።

ሲመለሱ ያሳተሙት መጽሐፍ ስሙ ራሱ ብዙ ይናገራል፦ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»። የብርሃን ማደሪያ የሆነች አገር እንደ ማለት ነው። በ1934 ወደ ጃፓንኛም ተተርጉሟል። ጃፓን የራሷን ባህል ሳትጥል በጥቂት አሥርት ዓመታት ከአውሮፓ ጋር መተካከሏ ኅሩይን ማርኳቸዋል፤ ኢትዮጵያም ይህን ማድረግ ትችላለች ብለው ያምኑ ነበር። ጉዞው ሌላም ወሬ ወልዷል። ልጅ አርአያ ጃፓናዊት ለማግባት አሰቡ፤ ኩሮዳ ማሳኮ የተባለች የመኳንንት ልጅም ታጨች፤ የጃፓን ጋዜጦችም ወሬውን አራገቡት፤ በ1934 ግን ነገሩ ፈረሰ። ያ ጋብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስንት ዘፈን ይወጣለት ነበር እላለሁ አንዳንዴ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ኅሩይ እንግዳ ነበሩ። እንግዳ ደግሞ የሚቀመጠው ሳሎን ነው። ሻይ ይቀርብለታል፣ ያማረው ዕቃ ይታየዋል፣ ጓዳው በመጋረጃ ይሸፈናል። ኅሩይ ጃፓን ከመድረሳቸው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ መስከረም 18 ቀን 1931፣ የጃፓን ጦር የቻይናን ማንቹሪያ መውረር ጀምሮ ነበር። እንግዳው በሳሎን ሲስተናገድ በጓዳ በኩል የጎረቤት አገር ይወሰድ ነበር። በ1935 ጣልያን በኛ ላይ ስትዘምት ዳባ ብሩ ለእርዳታ ወደዚያው ጃፓን ተላኩ። ከሕዝቡ ብዙ ሰው አዘነ፤ መንግሥት ግን ኢትዮጵያ የፈለገችውን መሣሪያ አልሰጠም። ይባስ ብሎ በ1936 መጨረሻ ጃፓን የጣልያንን ወረራ እንደ ተፈጸመ ነገር ተቀበለች። ኅሩይ በ1938 በስደት ላይ ሳሉ እንግሊዝ አገር ዐረፉ።

ትልቁን ሰው መውቀሴ አይደለም። ያዩት ሁሉ እውነት ነበር፤ ያልታየ ክፍል ግን ነበረ። አንቺ ግን እህቴ፣ ቤትን በጓዳው በኩል ማንበብ ሥራሽ ነው። ሳሎኑ የሚያብረቀርቅ ቤት ፍሪጁ ሲከፈት ምን እንደሚመስል፣ በእንግዳ ፊት ሳቂታ የሆነች ሴት እንግዳው ሲወጣ እንዴት እንደምትናገር ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ቶኪዮንም በዚሁ ዓይን እዪያት። የማዳም ልጆች ከማማው አናት ፎቶ ሲነሱ አንቺ ደግሞ ቆሻሻው የት እንደሚጣል ተመልከቺ።

ይህን ስል ቀልድ አይደለም። ቶኪዮ መንገድ ላይ የቆሻሻ መጣያ ብዙም አታገኚም። በ1995 በምድር ውስጥ ባቡር ላይ በመርዝ ጋዝ ጥቃት ከደረሰ በኋላ ብዙዎቹ ተነሥተዋል ይባላል። ሰው የሙዙን ልጣጭ በቦርሳው ይዞ ቤቱ ይገባል። ቤት ውስጥ ደግሞ የሚቃጠለው፣ ፕላስቲኩ፣ ቆርቆሮው፣ ጠርሙሱ ለየብቻ ይለያል፤ ለእያንዳንዱም የሚወጣበት ቀን አለው። ስለዚህ ከልጆች ጋር ስትወጪ ሁለት ባዶ ፌስታል ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር። በትምህርት ቤትም ክፍላቸውን የሚጠርጉት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። የሰባት ዓመት ልጅ ብቻውን በባቡር ትምህርት ቤት ሲሄድ ታያለሽ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ጫማ ስታስሪለት የኖርሽው ልጅ አጠገብሽ ቆሞ ሲያይ ምን እንደሚል አላውቅም።

ቶኪዮን ከሳሎን ውጭ ያየ ሰው ደግሞ አለን፤ በእግሩ ያየ። ብዙ ሰው የአበበ ቢቂላን ጃፓን ከቶኪዮ ይጀምራል። የመጀመሪያ ጉዞው ግን ኦሳካ ነበር፤ ሰኔ 18 ቀን 1953 ዓ.ም. በኦሳካው የማይኒቺ ማራቶን ሮጦ አሸነፈ። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈውን ሰው ጫማ ላልብስህ ብሎ የለመነው ኦኒትሱካ ኪሃቺሮ የተባለ ጃፓናዊ ጫማ ሠሪ ነው፤ የእሱ ፋብሪካ ዛሬ አሲክስ የሚባለው ነው። አበበም ያን ጫማ አድርጎ ሮጠ።

ከሦስት ዓመት በኋላ የቶኪዮ ኦሎምፒክ ደረሰ። ውድድሩ አምስት ሳምንት ሲቀረው አበበ በትርፍ አንጀት ሕመም ወድቆ ሆድ ዕቃው ተቀደደ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ግን ከብሔራዊው ስታዲየም ተነሥቶ በሺንጁኩ በኩል ኮሹ ካይዶ በሚባለው ጎዳና ወደ ምዕራብ፣ እስከ ቾፉ ድረስ ሮጦ ተመለሰ። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ፤ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን። ሁለተኛው የደረሰው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው። ሌላው ሯጭ መሬት ላይ ሲወድቅ አበበ ሣሩ ላይ ተኝቶ እግሩን እያነሣ ጅምናስቲክ ይሠራ ነበር። ሜዳሊያው ሲሰጥ የሙዚቃው ጓድ የኢትዮጵያን መዝሙር ስላላጠና የጃፓንን ተጫወተ ይባላል። ድል አድርገህ ቆመህ የባለቤቱን መዝሙር ስትሰማ ምን ዓይነት ስሜት ይሰጥ ይሆን? በሰው ቤት የምትኖር ሴት ይህን ትንሽ ትንሽ ታውቀዋለች።

የዚያን ጊዜው ስታዲየም ፈርሶ በቦታው ላይ በ2019 አዲስ ተሠርቷል። ከሰንዳጋያ ባቡር ጣቢያ በእግር ትንሽ ነው፤ ፊት ለፊቱ የኦሎምፒክ ሙዚየም አለ። ቾፉ ላይ ደግሞ፣ ቶቢታክዩ ከሚባለው ጣቢያ አቅራቢያ፣ የማራቶኑ መዞሪያ የነበረበት ቦታ ምልክት ቆሞለታል። መኪናው እያለፈ የሚሄድበት ተራ መንገድ ዳር ነው። ባባን ደፍረሽ «እዚህ ጋ የአገሬ ሰው ዞሯል» ብትዪ ልጆቹ ራሳቸው ውሰዱን ይሉ ይሆናል። ቢያንስ አንድ ፎቶ ከዚያ አምጪልን።

አሁን ሻንጣው።

ከሁሉ በፊት ፓስፖርትሽ። በጃፓን ሕግ ለጉብኝት የገባ የውጭ ሰው ፓስፖርቱን ሁልጊዜ በራሱ መያዝ አለበት፤ ፖሊስ ጠይቆ ካላገኘ እስከ 100,000 የን ሊያስቀጣ ይችላል። ይህን ለማዳም ከመነሣታችሁ በፊት ንገሪያት። «የሁላችንንም እኔ እይዛለሁ» የሚለው ልማድ እዚያ ሕግ መጣስ ነው፤ ያውም የምትቀጪው አንቺ ነሽ። ሳውዲ ውስጥም ቢሆን አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት መያዝ የተከለከለ ነው፤ ይህን ለማንሣት ከጉዞ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። ከዚህ ለመውጣት ካፊልሽ የሚያወጣልሽ የመውጫና የመመለሻ ቪዛ፣ ኹሩጅ ወአውዳ፣ ያስፈልግሻል፤ የሚያበቃበትን ቀን በስልክሽ ፎቶ አንሺው። የጃፓኑን ቪዛ የሚሰጡት በሪያድ ያለው ኤምባሲና በጅዳ ያለው ቆንስላ ናቸው። ስትገቢ አሻራና ፎቶ ይወስዳሉ፤ እንዳትደነግጪ፣ ከእኛ ብቻ ሳይሆን ከውጭ ሰው ሁሉ ነው ማለት ይቻላል። ቋንጣ አትያዢ፤ ሥጋ ነክ ነገር ማስገባት ክልክል ነው።

ሁለተኛው መጥፋት ነው። ሺንጁኩ የሚባለው ጣቢያ በዓለም ብዙ ሰው የሚመላለስበት ነው፤ ከኮሮና በፊት በቀን ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው ይቆጠር ነበር፤ መውጫው ብቻ ከ200 ይበልጣል። እዚያ ውስጥ ከቤተሰቡ ከተለየሽ አትሯሯጪ። የሆቴሉን ካርድ፣ በጃፓንኛ የተጻፈውን፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ከመቀበያው ተቀብለሽ ያዢ። በየመንገዱ መታጠፊያ «ኮባን» የሚባል ትንሽ የፖሊስ ቤት አለ፤ ሥራቸው ግማሹ መንገድ ማሳየት ነው። ፖሊስ ስታዪ መሸሽ የለመደብን ሰዎች ነን፤ ቪዛሽና ፓስፖርትሽ ካሉሽ እዚያ ግቢና ካርዱን አሳዪ። የጠፋ ዕቃም የሚመለሰው በእነሱ በኩል ነው፤ በቶኪዮ ሰው አግኝቶ ለፖሊስ የሚያስረክበው የወደቀ ገንዘብ በአንድ ዓመት ከ3 ቢሊዮን የን በልጦ ያውቃል። የፖሊስ ስልክ 110፣ የአምቡላንስ 119 ነው። የኢትዮጵያ ኤምባሲም ቶኪዮ አለ፤ ቁጥሩን ከመሄድሽ በፊት በወረቀት ጻፊው፣ ስልክ ባትሪው ያልቃልና።

ለባቡር «ሱይካ» የሚባል ካርድ አለ፤ ገንዘብ ሞልተሽ በር ላይ ማስነካት ነው። ያማኖቴ የሚባለው አረንጓዴ መስመር ቀለበት ነው፤ 30 ጣቢያ አለው፤ በአንድ ሰዓት ገደማ ዞሮ የተነሣበት ይመለሳል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መስመር የለም፤ መውረጃሽ ቢያልፍሽም ተቀምጠሽ ዞረሽ ትደርሺበታለሽ። ባቡር ውስጥ ስልክ አይወራም። ከአገር ቤት ቢደወልልሽ ዝጊውና ስትወርጂ መልሺ። ልጅ ቢያለቅስ ማንም አይቆጣሽም፤ ግን ዝምታው ራሱ ያስጨንቃል፤ ብስኩት ይኑርሽ። በኤስካሌተር ላይ ቶኪዮ በግራ ይቆማሉ፣ ኦሳካ በቀኝ። ምክንያቱን ጃፓኖቹም የሚስማሙበት አይመስልም።

ምግብ አያሳስብሽ። «ኮንቢኒ» የሚሉት የእነሱ ባቃላ ነው፤ ሰቨን ኢለቨን፣ ላውሰን፣ ፋሚሊ ማርት። አብዛኛው ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ነው። በባሕር ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ በ5 ሪያል አካባቢ ታገኛለሽ። ሙስሊም ከሆንሽ ግን ጠንቀቅ በይ፤ አሳማ በሾርባው ውስጥ ይገባል፣ ሚሪን የሚባለው ጣፋጭ ማጣፈጫ አልኮል አለው። ኦርቶዶክስ ሆነሽ ዓሣ የማትነኪበት ጾም ከሆነ ደግሞ አትክልት መስሎ የቀረበውም ብዙ ጊዜ በዓሣ መረቅ የተሠራ ነው። ዮዮጊ ኡኤሃራ ላይ ቶኪዮ ጃሚ የሚባል ውብ መስጊድ አለ። ካንዳ አካባቢ ደግሞ በ1891 የተሠራ የኦርቶዶክስ ካቴድራል ይገኛል፤ ሥርዓቱ የእኛ ተዋሕዶ አይደለም፣ ሻማ ለማብራት ግን ማን ይከለክልሻል። መጸዳጃው ውኃ አለው፤ ብዙ ቁልፍ ስላለው ብቻ ሁሉንም አትጫኚ።

ሙቀቱ? ትምህርት ሲዘጋ የሚሄዱ ከሆነ የቶኪዮ ነሐሴ ወበቅ ነው። ጂዛንን የኖረች ሴት አይገርማትም።

የሚከብደው ሥራው ነው። የሳውዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ የቀን ሥራ ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥና በሳምንት 24 ሰዓት ዕረፍት እንዲኖር ይላል። ጉዞ ላይ ይህ በቀላሉ ይረሳል። ሆቴል ክፍል ውስጥ ከልጆች ጋር ትተኛለሽ፤ ልጅ ሲነቃ ትነቂያለሽ፤ ቀኑን ሙሉ ጋሪ እየገፋሽ ትውያለሽ፤ ማታ ደግሞ ልብስ ማጠብ አለ። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት፣ ማዳም ደስ ብሏት ስለ ጉዞው ስታወራ፣ «ከዚያ ውስጥ አንድ ቀን ለእኔ» በያት። እዚያ ደርሰሽ ደክሞሽ ከመጠየቅ ይቀላል። የተሰጠሽን ቀን በሰሜን ምሥራቅ ቶኪዮ ወዳለው ካትሱሺካ ብትወስጂው የሀገርሽን ሰው ታገኛለሽ። በከተማዋ ካሉት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ የሚኖሩት እዚያ ነው፤ አደይ አበባ የሚባል ማኅበርም አላቸው።

እዚያው ልቅር የሚል ሐሳብ በልብሽ ቢመጣ አልፈርድብሽም፤ የመጣንበትን ስለማውቅ። ግን አስቢበት። ጃፓን በ2023 ከ13,000 በላይ ሰው ጥገኝነት ጠይቆ የስደተኛነት ዕውቅና የሰጠችው ለ303 ሰው ብቻ ነው፤ ያም ለእሷ ከፍተኛው ነበር። ቪዛው ያለፈበት ሰው ወደ ማቆያ ይገባል። «ጃፓን የቤት ሠራተኛ ትፈልጋለች» የሚል ደላላ ቢደውልልሽም ዝጊበት። የውጭ የቤት ሠራተኛ የሚፈቀደው በጥቂት ከተሞችና አውራጃዎች ብቻ፣ በኩባንያ ተቀጥሮ ነው፤ በአሠሪ ቤት ማደር የለም፤ የመጡትም አብዛኞቹ ፊሊፒናውያን ናቸው። ገንዘብ ተቀብሎ ከሳውዲ ወደዚያ አሻግራለሁ የሚል ሰው የሚያሻግረው የአንቺን ሪያል ነው።

እህታችን ይህን ሁሉ ሰምታ በመጨረሻ የመለሰችልኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ቻርጀሬ ይሠራል?» አይሠራም። የሳውዲው ሦስት ጥርስ ነው፤ የጃፓን ሶኬት ሁለት ጠፍጣፋ ጥርስ ነው የሚቀበለው፣ ኃይሉም 100 ቮልት ነው። የስልክ ቻርጀር በአስማሚ ይሠራል፤ የማዳም የፀጉር ማድረቂያ ግን አይሞቅም። አስማሚውን ጂዛን ካለው ዕቃ ቤት ከመሄድሽ በፊት ግዢ፤ ሁለት አድርጊው፣ አንዱን ልጆቹ ይወስዱብሻል።